ቴሌቪዥን ዲማ የመጣ ዕለት

አገር ምድሩ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ በሚያይበት ዘመን፣ ከዚያው ጣቢያ ጋዜጠኞች ዲማ ድረስ መጥተው እኔን የቅኔ መምህሩን ሊያነጋግሩኝ ፈለጉ። ጥምጥሜን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ጠመጠምሁ። ካሜራው ሲደቀንብኝ ጋዜጠኛው፣ «የኔታ፣ እስቲ በአጭሩ ራስዎን ያስተዋውቁን» አለኝ።

በእኛ ወግ ሰው ከራሱ በፊት መምህሩን፣ ከዚያም የመምህሩን መምህር ይጠራል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ከየኔታ ወልደ ገብርኤል ተማርሁ፤ እሳቸው ከየኔታ ገዳሙ» እያልሁ ወደ ላይ ወጣሁ። ስምንተኛው መምህር ላይ ካሴቱ አለቀ። የራሴን ስም ገና አልጠራሁም ነበር።

ስሜን ሳልጠራ መቅረቴ ግን መች ታወቀኝ! ይተላለፋል በተባለው እሑድ ግማሹን ደብር አስከትዬ ደብረ ማርቆስ ሄድሁና አንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮልን። ለካ የሚጠይቀው ሌላ፣ የሚቀርጸው ሌላ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የተቀረጸውን የሚቆርጠው ሌላ ነው! ቆራጩ ስምንቱንም መምህራን አስወግዶ ጉሮሮዬን ስጠርግ ብቻ አሳየ። ከሥሬም «የአካባቢው ነዋሪ» የሚል ተጽፏል።

ዛሬ ተማሪዎቼ የማልሰማ ሲመስላቸው መምህራናቸውን እንዲህ ብለው ይቆጥራሉ፦ «ከአካባቢው ነዋሪ ተማርሁ፤ እሳቸው ከየኔታ ወልደ ገብርኤል።»