ሜዳው ከላይ፣ ዳገቱ ከታች

ሐይቅ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። የቀጥታ መስመር ስሎፕ ላይ ስደርስ በየዓመቱ የምጠብቀው አንድ ስህተት አለ። ነገሩ ቀላል ነው፤ መስመሩ ላይ ሁለት ነጥብ ወስዶ፣ ሽቅብ የወጣውን አግድም ለሄደው ማካፈል። ከአምባሰል ገጠር የሚመጡ ልጆች ግን ይገለብጡታል፤ አግድሙን ከላይ፣ ሽቅቡን ከታች ይጽፋሉ። ብቆጣም፣ ብለምንም ያው ናቸው።

ምክንያቱን የነገረችኝ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከአምባሰል መጥታ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ከፊት ወንበር የማትጠፋ ልጅ ነበረች።

“ቲቸር፣ እኛ አገር መንገድ ሲነገር ሜዳው ነው የሚቀድመው” አለች። “ወደ ግሸን የሚሄድ እንግዳ ሲጠይቀን፣ ይኼን ሜዳ ትጨርሱና ከዚያ ዳገቱን ትይዛላችሁ ነው የምንል።”

ሳቄ መጣ። “እንግዲያው መጀመሪያ የሚያደክምሽን ጻፊ” አልኳት። ከዚያ ወዲያ ተሳስታ አታውቅም፤ እንዲያውም ለጓደኞቿ ታስረዳ ጀመር። አንድ ቀን እጇን አውጥታ “ገደልስ?” ብላ ጠየቀችኝ። ሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ሣልኩ። “አግድሙ ዜሮ ነው፤ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም። ገደል ስሎፕ የለውም” አልኩ። ክፍሉ አውካካ።

እሷ ግን የምር ነበር የምትማረው። አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ብሔራዊ ፈተናውን ካለፈች ዩኒቨርሲቲ፣ ከወደቀች አክስቷ ያለችበት ዓረብ አገር። ፓስፖርቷ ወጥቶ ተቀምጧል። እኔም በረፍት ሰዓት ሳይቀር አስጠናኋት። ምን ዋጋ አለው? እኔ ሒሳቡን ሳስጠና፣ ፊዚክስ የሚያስተምራቸው ሰው ጠፍቶ ስንት ወር ሙሉ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ውጤት ሲመጣ ከክፍሏ ያለፈ አልነበረም፤ እሷም ወደቀች። በሒሳብ ጥሩ አምጥታ ነበር። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልትሰናበተኝ ስትመጣ ፊቴን አይታ ያጽናናችኝ እሷ ናት።

“አብሽሩ ቲቸር። ኢንሻአላህ ተመልሼ እፈተናለሁ።”

“ኢንሻአላህ” አልኩ። አላመንኩትም።

ዘንድሮም ያንኑ ስህተት አርማለሁ። እንደ ድሮው ግን አልቆጣም። ትክክል ቢጽፉትስ የት ሊያደርሳቸው?

ባለፈው ሳምንት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የምትናገረው በሹክሹክታ ነው። የምትሠራበት ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉባታል፤ ስልኳንም ሲያሻቸው ይነጥቋታል። “አገሩ ሁሉ ሜዳ ነው ቲቸር፣ አንዲት ዳገት የለው” አለች። ትንፋሿ ይሰማል። ከዚያ፣ “መስኮቱ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የገደል ስሎፕ ምን ነበር ያሉን?”

“የለውም” ብዬ መጻፍ ጀምሬ አጠፋሁት። “ከመስኮቱ ዘወር በይ፣ አሁኑኑ ደውይልኝ” ብዬ ላክሁ። ብደውልም ስልኳ ዝግ ነው። መልእክቱ እስካሁን አልደረሳትም።