የአባቷ ሞረድ

የሰፈራችን ቀጥቃጭ ሙያ የሚያስተምራት ወጣት፣ ልጅ ሳለች ቤታቸው ሲቃጠል አባቷ ነበልባሉ ውስጥ ገብቶ አወጣት፤ የክንዷ ጠባሳ የዚያን ጊዜ ነው። መጥረቢያ ላስል ሄጄ ሳያት፣ ከሟቹ አባቷ ሞረድ ቀጥቅጣ ያበጀችውን የመጀመሪያ ቢላዋዋን በጉጠት ይዛለች። ቢላዋው ፍም መስሏል። ነክራ ማጠንከር ብቻ ቀርቷታል፤ ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ሞረድ የላትም።

ከእሳቱ ቶሎ ለመገላገል የዘይቱን ባልዲ ትታ ወደ ውሃው ባልዲ ዞረች።

«ኧረ ወደ ዘይቱ! ውሃ ይሰነጥቀዋል!» ብሎ ጮኸ አስተማሪዋ ቀጥቃጩ።

ዘይቱ ውስጥ ስትነክረው እሳት ቡፍ ብሎ ተነሣ። ጉጠቱን አልለቀቀችም። የስንጥቅ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ሁላችንም ጆሯችንን አቆምን፤ ምንም የለም።

«እሳት እፈራለሁ ያልሽው ውሸትሽን ነዋ!» አለ ቀጥቃጩ እየሳቀ።

«አሁንም እፈራለሁ፣ ጋሼ። አባዬም ያን ቀን ፈርቶ ነበር፤ ዋናው መግባቱ ነው።»