በሜትር የተሸጠ ክር

ኔልባ ኢሪጎዪን በሕይወቷ አንድም ሞዴል ሠርታ አታውቅም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በሞንቴቪዴዮ አሮጌው ከተማ ትንንሽ መርከብና አውሮፕላን እየገጣጠመ የሚውል ሰው ሁሉ እሷን የሞያው እናት አድርጎ ያያት ስለነበር ነው። ሱቋ «ላ ኤሊሴ» ይባላል፤ የአውሮፕላን ውልብልቢት እንደ ማለት ነው። የእኔ ጸጉር ቤት ከጎኗ ነው። የሚለየን ግድግዳ ስስ በመሆኑ እዚያ የተነገረ ሁሉ እዚህ ይሰማል፤ እኔም ጆሮዬን ደፍኜ የምውል ሰው አይደለሁም።

ሱቁን የከፈተው ባሏ አኒባል ነበር። የአውሮፕላን ነገር ያሳበደው ሰው ነው። ባልሳ ከሚባለው፣ እንደ ላባ ከሚቀለው እንጨት ክንፍ እየፈለፈለ እሁድ እሁድ ባሕሩ ዳር ይዞት ይወጣል። አንድ ጠዋት የሱቁን መዝጊያ ሊከፍት እንደተንበረከከ ልቡ ቀጥ አለ። ኔልባ ገና ወጣት ነበረች፤ ልጅም አልወለዱም። የቀራት ነገር ቢኖር እስከ ጣሪያው የተደረደረ ካርቶን ነው። በውስጡ ተገጣጣሚ መርከብ አለ፣ ባቡር አለ፣ በወረንጦ ካልሆነ የማይያዝ ጎማ አለ፣ እሷ ስሙን የማታውቀው የቀለም ዓይነት አለ።

«ሸጬው እናቴ ዘንድ እገባለሁ» አለችኝ ከቀብሩ ማግስት።

ደንበኞቹ ግን አልለቀቋትም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሊያጽናኗት ነው ብለው መጡና እንደ ወትሯቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንዱ ውል አዋዋይ ነው፣ አንዱ የአውቶብስ ሹፌር፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ዓሣ ነጋዴ። ማቴ የሚባለውን የቅጠል መጠጣቸውን በፔርሙስ ይዘው መጥተዋል፤ ጽዋው ከእጅ እጅ ሲዞር ለእሷም ደረሳት። ከዚያ ሹፌሩ ከመደርደሪያው ሁለት ጠርሙስ አነሣና «ዶኛ ኔልባ፣ ይሄኛው ፕላስቲክ ያጣብቃል፤ ይሄኛው እንጨት ነው። ብታምታቺያቸው የሚሰድብሽ እኔ ነኝ» አላት። እንዲህ አድርገው፣ ሻጯን ገዢዎቹ አስተማሯት። ሱቁን መሸጥ የሚለው ነገር በዚያው ተረሳ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቅዳሜዎች አሁንም ሳስባቸው አንጀቴን ይበላኛል። ከግድግዳው ወዲያ ሳቁና ክርክሩ ሲያይል፣ ከወዲህ ያለችው ደንበኛዬ «ምን እየተባለ ነው?» ትለኛለች፤ ጸጉር መጠቅለሉን ትቼ አብረን እንሰማለን።

«ይሄ እኮ አረንጓዴ አይደለም» ይላል ውል አዋዋዩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?» ይላል ሹፌሩ።

«ግራጫ ነው። አረንጓዴነት የሞከረው ግራጫ።»

«አንተ መታየት ያለብህ ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው። ዶኛ ኔልባ፣ ለዚህ ሰውዬ ቀለም አይሸጥለት።»

ዶን ባልዴማር ሶሳ ወደዚህ ጉባኤ የመጡት ዘግይተው ነው። ወደብ ውስጥ ትልልቁን መርከብ እየጎተተች ዳር የምታስይዝ «ላ ኮርቪና» የምትባል ጀልባ ነበረች፤ የእሷ ሞተረኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሆዷ ውስጥ ጨረሱ ማለት ይቻላል። ጀልባዋ አርጅታ ለብረት ተቆራርጣ ስትሸጥ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ከዚያ በፊት ነው የሞቱት። አንድ ቀን በኔልባ በር ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«እኔ እንኳ ልጅ አይደለሁም» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው።

«ልጅማ እዚህ አይመጣም፤ ይግቡ» አለቻቸው።

ላ ኮርቪናን በክንድ ርዝመት ሊሠሯት ፈለጉ። ተገጣጣሚዋ አይሸጥም፤ ማን ይሠራታል? ስለዚህ ከእንጨትና ከሽቦ ራሳቸው ሊፈለፍሏት ተነሡ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሆነ ነገር ይጎድላቸዋል። አንድ ጊዜ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ጊዜ ቀጭን ቡርሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለገመድ የሚሆን ክር። ኔልባ ክሩን ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች። እሳቸው ይቀመጣሉ። ብዙ አያወሩም፤ ሲያወሩ ደግሞ ሁሉም ዝም ይላል። ኔልባ በሌላ ቀን ሰብሰብ አድርጋ የምታስረውን ጸጉሯን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እንድሠራላት ትመጣ ጀመር። ጸጉር የሚሠራ ሰው ብዙ ያያል፣ ጥቂት ይናገራል።

«እርስዎ» እና «እርስዎ» እንደተባባሉ ዓመታት ሄዱ።

ሱቁ በአንድ ቀን አልሞተም። በመጀመሪያ አዲስ ሰው መምጣት አቆመ። ቀጥሎ ሰዎች እየገቡ ካርቶኑን አገላብጠው ያዩና፣ ስለ ቀለሙ አሥር ጥያቄ ጠይቀው፣ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ይወጣሉ፤ ዕቃውን የሚያዙት ከሌላ አገር ነው። ኔልባ ለጥያቄው ሁሉ መልስ ትሰጥ ነበር። «ምክር ብቻ ሸጠሽ ልትኖሪ ነው?» ስላት «ምን ላድርግ፣ ጠየቁኝ እኮ» ትላለች። ከዚያ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ የፈለገውን ቅርጽ በማሽን የሚያትም መጣ። አስመጪዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ከሁሉ የከፋው ግን ወንበሮቹ ባዶ መሆናቸው ነው። ቄሱ ሞቱ። ውል አዋዋዩ ዓይኑ ጠፋ፤ ያን ጊዜ በቀለሙ ያፌዝበት የነበረው ሹፌር እጁን ይዞ ያመጣው ነበር፤ በኋላ ሹፌሩም ቀረ። የቤቱ ባለቤት ልጆች ሕንጻውን ሊያድሱት ነው ሲሉ ኔልባ አልተከራከረችም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ብርድ ነበር፤ ከወደቡ የሚነሣው ነፋስ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። ዶን ባልዴማር መጡ። ክር ገዙ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«እንግዲህ» አሉ።

«እንግዲህ» አለች።

ወጡ። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነበርና ሌላ ቃል ስጠብቅ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የነበረችውን ኔልባን ማየት ከባድ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ለባብሳ ትመጣለች፣ ጸጉሯን እሠራላታለሁ፣ የምትሄድበት ስለሌላት እዚያው ወንበር ላይ ትቆያለች። ከጎን የግንበኞቹ መዶሻ ይሰማል።

«ለምን አትደውዪላቸውም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምን ብዬ? ክር መጣ ልበላቸው?»

«ናፈቁኝ በያቸዋ።»

በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጸጉሬን ብቻ ሥሪ» አለች። ፊቷ ግን ቀልቶ ነበር።

ብርዱ አልፎ ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ራሷ ተነሥታ ዶን ባልዴማር ወደሚኖሩበት የኪራይ ክፍል ሄደች። አከራይዋ በር ላይ አቁማ ነገረቻት። ስትሮክ መቷቸው ሆስፒታል ነበሩ፤ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ልጃቸው ማሪሴል መጥታ ወደ ፓይሳንዱ ወስዳቸዋለች። ኔልባ ከዚያ በቀጥታ ጸጉር ቤቴ መጣች። ደንበኛ ነበረኝ፤ በቁሟ ጠበቀችኝ።

«ኢልዳ፣ ፓይሳንዱ በአውቶብስ ስንት ሰዓት ነው?»

«እኔም እመጣለሁ» አልኳት።

መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ የሚያልፉትን ከብቶች እያየች ነበር፤ እኔ ያልኩትን አንዱንም አልሰማችም። ማሪሴል በሩን የከፈተችልን ነጭ ጋውን ለብሳ ነው። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው፤ የቤቱ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ሥራ ቤቷ ነው። ኔልባን ስታይ «እርስዎ ዶኛ ኔልባ ነዎት» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም።

ዶን ባልዴማር ከጓሮ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ሊነሡ ሞከሩ፤ «ይቀመጡ» አለቻቸው። ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ላ ኮርቪና ቆማለች፤ ቀዩ ሆዷ፣ ጥቁሩ ጭስ መውጫዋ፣ ሁሉ ነገሯ። ዳር ዳሯን የሚንጠለጠሉት ትንንሽ ጎማዎችና ክብ መስኮቶቿ ግን እንጨት አልነበሩም። ኔልባ ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሪሴል ናት» አሉ፣ ምላሳቸው ትንሽ እየተያዘ። «ጥርስ በምታትምበት ማሽን።»

«ጥርስ!» አለች ኔልባ ተቆጥታ። «ይህን ሁሉ ዓመት በእጅዎ ፈልፍለው መጨረሻ ላይ ጥርስ ይለጥፉባታል?»

«እጄ የታለ?» አሉ።

ኔልባ ያን ጊዜ ቀኝ እጃቸውን አየችው። ማሪሴል ከበሩ ላይ ሆና፣ «አባባ መለኪያውን ይነግሩኛል፣ እኔ አትማለሁ። መጀመሪያ ያተምኩት መስኮት ጥርስ ይመስላል ብለው ጥለውታል። አምስተኛውን ነው የተቀበሉኝ» አለች።

ኔልባ አንዷን ጎማ በወረንጦ አንሥታ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። «የእኔ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ አልነበረም» አለች በመጨረሻ። መሳሳቷን ማመን ከባድ ነው የሚሆንባት፤ አውቃታለሁ።

የጎደለው ገመዱ ነበር። ክር ደግሞ በማሽን አይታተምም። በአንድ እጅ ቋጠሮ መቋጠር አልቻሉም፤ የማሪሴል ጣት ለጥርስ እንጂ ለቋጠሮ አልተፈጠረም። ኔልባ ቦርሳዋን ከፈተችና ሙሉ ጥቅልል ክር አወጣች፤ ሱቁ ሲዘጋ ያስቀረችው ነው። ዶን ባልዴማር ጥቅልሉን አይተው ፈገግ አሉ።

«ጥቅልል ነበረዎት እንዴ?»

«ነበረኝ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን በሜትር ቆረጡልኝ?»

ኔልባ ዓይኗን ከክሩ አላነሣችም። «ጥቅልሉን ብሰጥህ መቼ ትመለስ ነበር?»

«አንተ» ስትላቸው ሰማኋት። እሷ ራሷ መስማቷን እንጃ። ሰውየው ግን ሰምተዋል፤ ደኅናው እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ተጠጋ።

«እኔስ» አሉ፣ «መሪ የሚያዝበትን ክፍሏን ሦስቴ አፍርሼ ሠራኋት። ቀድማ ብታልቅ ምን ብዬ እመጣልሽ ነበር?»

እኔ ማሪሴልን ወጥ ቤት ይዣት ገባሁ። በዝናብ ቀን የሚጠበሰውን ሊጥ፣ ቶርታ ፍሪታ፣ እንጥበስ አልኳት፤ ዝናብ እንኳ አልነበረም። በመስኮቱ ግን ይሰማ ነበር፤ «ከታች አሳልፊው… አሁን ሳቢው… ኧረ እንደዚያ አይደለም፣ መርከብ አስሮ የሚያድር ቋጠሮ ነው እንጂ የጫማ አይደለም»፤ «አንተ ሞተረኛ ነህ፣ የገመድ ነገር ምን አገባህ?» ዕድሜዋን ክር የሸጠች ሴት የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ስትቋጥር ያ ነበር።

ተረት ቢሆን እዚያው ትቀር ነበር። አልቀረችም። እሳቸው «ቅሪ» አሏት፤ እሷም ልትቀር ፈለገች። ከሳምንት በኋላ ግን የፓይሳንዱ ወንዝ ጠበባት። ባሕሩን ያላየችበት ቀን ቀን አይመስላትም። እሳቸው ደግሞ ያለ ማሪሴል መኖር አይችሉም። ስለዚህ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። እዚያ ስትሆን ወደቡ ይናፍቃታል፣ እዚህ ስትሆን እሳቸው። ሁለቱም ዘንድ ስትሆን ደግሞ ያ ሱቅ፣ ያ ክርክር፣ የሹፌሩ ስድብ ይናፍቃታል፤ እሱን አውቶብስ አይደርስበትም።

ማሪሴል ዘንድ አሁን ሰው ይመጣል። አንዲት የእንስሳት ሐኪም የድሮ ባቡር መንኮራኩር ታሳትማለች፤ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፣ አንዲት አስተማሪ አለች። የትኛው ማጣበቂያ ይሻላል ሲሉ ማሪሴል ወደ በረንዳው ትልካቸዋለች፤ ኔልባ ካለች ትመልሳለች።

«እንግዲያው ሞያው አልሞተም» አልኳት አንዴ።

«ሞያውማ አይሞትም። ሰው ትንሽ ነገር መሥራት መቼ ይተዋል?» አለች። «ግን ዕቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ኢልዳ። አይቀመጡም። እኛ ጋ እኮ ሰው የሚመጣው ሊቀመጥ ነበር።»

«ወንበር አውጪላቸዋ።»

ነገሩን ሳታስበው አልቀረችም መሰለኝ። ባለፈው መናኸሪያ ስሸኛት፣ ከቦርሳዋ ሌላ ሁለት ታጣፊ ወንበር በገመድ አሥራ ይዛ ነበር። የአውቶብሱ ረዳት ከታች ሲጭናቸው «ቀስ በል፣ እግሩ ይላላል» ትለዋለች።

«ቅዳሜ ካልመጣሁ አትጠብቂኝ» አለችኝ ደረጃው ላይ ሆና።

«የትኛው ቅዳሜ?»

ከኋላዋ የሚገፉ ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ ገባች። በመስኮቱ በኩል ስትቀመጥ አየኋት፤ ጸጉሯን በእጇ ደገፍ ደገፍ እያደረገች ነበር።