ደላላው እናቴ ዘንድ መጣ

ኮምቦልቻ ቤት መከራየት እንደፈለግሁ ለማንም አልነገርሁም፤ በስልኬ ብቻ ሳፈላልግ ሰነበትሁ። የደሴ ብርድ ጉልበቴን ጨርሶታል፤ ኮምቦልቻ ይሞቃል። የከበደኝ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አብራኝ ለምትኖረው እናቴ መንገሩ ነበር፤ ዛሬ ነገ እያልሁ ቆየሁ።

አንድ ሐሙስ እንደ ልማዷ መንዙማ እንድታዳምጥ ስልኬን ሰጠኋት። አብራ ስታዜም መንዙማው ተቋረጠና አንድ ጎርናና ድምፅ «ኮምቦልቻ ላይ የሚከራይ ቤት!» አለ። ቶሎ አለፍሁት። ከቀጣዩ መንዙማ በፊት ተመልሶ መጣ።

«ይኼ ደላላ ምን ሁኑ ነው የሚለን?» አለች።

«ማስታወቂያ ነው፣ እማ። ለሁሉም ሰው ነው የሚናገረው።»

«ወላሂ፣ በጎረቤት ስልክ ስሰማ የልብስ ሳሙና ነው የሚለው። ደላላ ሳትነግረው ቤት ይዞልህ አይመጣም።» ስልኩን መለሰችልኝ። «ለእሱ ከመንገርህ በፊት ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ስልክ ሰውን እንደሚሰልል ስንት ጊዜ በጋዜጣ በጻፍሁት በእኔ ላይ የገዛ ስልኬ አሳበቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻን አላነሳሁም፤ ጉልበቴን እያሸሁ ሆጤ ተቀምጫለሁ። ደላላው ግን አልተወኝም። ሰሞኑን ደግሞ የጉልበት ቅባት ይዞ ይመጣል።