የኮክ ዛፉ ግንባር

ልጆች፣ በመጣችሁ ቁጥር የግንባር ወሬ ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ ግን ስለዚያኛው ግንባር አይደለም። አምና ግንቦት መጨረሻ ላይ እዚሁ ካዛንቺስ፣ ከቤታችን ጓሮ፣ ከኮኩ ዛፍ ሥር ስለዋልንበት ግዳጅ ነው። አትሳቁ፣ መጀመሪያ ስሙኝ።

ትእዛዙ የደረሰኝ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያዘዘችኝ አያታችሁ ዘነበች ናት። ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ልብሱን እንደያዘች ተመለሰችና፣ ከዛሬ ጀምሮ ጓሮ ልብስ እንደማይሰጣ፣ በጓሮ በርም ማንም እንደማይወጣ ነገረችኝ። ኮኩ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታ ሦስት ጫጩቶች ፈልፍላለች። በፊተኛው ዓመትም እዚያው ፈልፍላ ነበር፤ የጎረቤት ድመት በአንድ ጠዋት ጨረሰቻቸው። ዘነበች ያኔ ስንት ቀን እህል አልቀምስ እንዳለች እኔ ነኝ የማውቀው።

«ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ ዛፉን አስቆርጠዋለሁ። ዳግመኛ ማየት አልችልም» አለችኝ።

ለበቀለ ደወልኩ። አስር አለቃ በቀለ በአንድ ምሽግ ሦስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ጓደኛዬ ነው። አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ ጉልበቱ ደረጃ ስለማይወድለት ከቤት መውጣት እርግፍ አድርጎ ትቶ ነበር። ግዳጅ አለ ስለው ምን ዓይነት ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። በታክሲ ኡራኤል ወርዶ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከነዱላው ጓሮ ደረሰ።

ቦታውን ቃኘን። በስተግራ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ጣሪያ፤ ድመቷ የምትመጣው በዚያ ነው። በስተቀኝ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ቀጥሎ የዘነበች ጎመን። ወፏን ሁላችሁም አይታችኋታል፤ ቡናማ ሆና ምንቃሯ ብርቱካን የመሰለ፣ ዝናብ ሲያባራ ሣር ላይ ትል የምትለቅመው ናት። ስሟን ስላላወቅን ማዕረግ ሰጠናት። እኔ ሃምሳ አለቃ፣ እሱ አስር አለቃ፤ እሷን ሻለቃ አልናት። ባሏንስ ብዬ ብጠይቀው በቀለ ስንቅና ትጥቅ ነው አለኝ፤ ትል ከማመላለስ ሌላ ሥራ የለውም።

ከዚያ ዘብ ቆምን። እንደተማርነው ማለቴ ነው፤ አንዱ ከዛፉ ሥር፣ አንዱ ከአጥሩ ጥግ፣ በየሰዓቱ እየተቀያየርን። ድመቷ ጣሪያው ላይ አንዴ ብቅ ብላ በቀለ ዱላውን ሲያነሳ ተመለሰች። ኧረ እንዴት ደስ እንዳለን! አምስት ሰዓት ላይ ጫጩቶቹ ይጮኹ ጀመር። ስድስት ሰዓት ላይ የሚጮኹት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ዝም አሉ። ጠግበው ተኙ አልን፤ ጅሎች።

ዘነበች ከወጥ ቤቱ መስኮት ስታየን ቆይታ ወጣችና አጠገቤ ቆመች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ወፏ ከጠዋት ጀምሮ ትል በአፏ ይዛ ሽቦው ላይ ቆማለች። ለእሷ እኮ ጠላቱ እናንተ ናችሁ።»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ሻለቃዋ የመብራት ሽቦው ላይ ሆና ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም፤ ትሉ ከምንቃሯ ተንጠልጥሏል። ልጆቿን በረሃብ ስንፈጅ የዋልነው እኛ ነን። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። በጦር ሜዳ ወገንን በስህተት መምታት የሚሉት ነገር አለ፤ ወታደር ከዚያ የከፋ ጥፋት አያውቅም። እኛ ደግሞ ይህንኑ ደረታችንን ነፍተን፣ በተራ ነው የሠራነው።

«አፈግፍግ» አልኩት በቀለን። ያንን ቃል ወድጄ የተናገርኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ወጥ ቤት ገባን፣ መስኮቱን ገርበብ አድርገን ተቀመጥን። ደቂቃ ሳይሞላ ሻለቃዋ ወረደች። ሁለት አፍ ተከፈተ። ሦስተኛው አልተከፈተም። ስንቅና ትጥቅ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። በቀለ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኛል። በአራተኛው ምልልስ ሦስተኛው አንገቱን አወጣና አፉን ከፈተ። ዘነበች ከኋላችን ቆማ ተመስገን ስትል ሰማኋት።

ከዚያ በኋላ ምሽጋችን ወጥ ቤት ሆነ። የውሃ ጎማ ቧንቧው ላይ ገጥመን፣ መክፈቻ ያለበትን ጫፉን በመስኮት አስገባን፤ መሣሪያችን እሱ ነው። በቀለ አንድ ቀን ሳይቀር መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ሻለቃዋ ክንፏን ዘርግታ ሸፈነቻቸው፤ በረዶው ጀርባዋ ላይ እየነጠረ እሷ ንቅንቅ አላለችም። እኛ እንዲያ ዓይነት አዛዥ አልነበረንም፤ ወይም ነበረን፣ ቶሎ ሞተብን።

በአሥረኛው ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከጎጆው ወጡ። አንደኛው አጥሩ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ተከተለው። ሦስተኛው ዘለለና መሬት ወደቀ። ድመቷ ጣሪያው ላይ ነበረች። አየችው። ወረደች።

«ክፈት!» አለ በቀለ።

ከፈትኩ። ጎማው ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ። የሰፈራችን የውሃ ተራ በማግስቱ ነበር። አያችሁ፣ አሥር ቀን ሙሉ ስንዘጋጅ ይህን ሳናስበው ቀረን። በቀለ ጉልበቱን ረስቶ በሩን በርግዶ ወጣ። እኔ ልብስ የተዘፈዘፈበትን ሳፋ አነሳሁ። ሻለቃዋ ግን ሁለታችንንም ቀድማናለች፤ እየጮኸች የድመቷ ጭንቅላት ላይ ወረደች። ድመቷ አጎነበሰች። ስንቅና ትጥቅ ከኋላ መታት። እኔ ሳፋውን ደፋሁት። ግማሹ ድመቷ ላይ፣ ግማሹ በቀለ ላይ። ድመቷ አጥሩን በአንድ ዝላይ አለፈች። ጫጩቱ ጎመኑ ሥር ገባ። ውጊያው በጠቅላላ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

አሁን ግን አውቀናልና ወዲያው ወደ ወጥ ቤት ተመለስን። አራት ሰዓት ላይ ጫጩቱ ከጎመኑ ወጣ፤ ተንደረደረ፣ ተነሳ፣ ወንድሞቹ ካሉበት አጥር ደረሰ። ዘነበች እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት የማን ልጅ ተዳረ ብሎ ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ልጆች፣ በዚያኛው ግንባር ከውጊያ በኋላ ቆጣሪው እኔ ነበርኩ። ስም እጠራለሁ፤ አቤት ያላለውን እጽፋለሁ፤ ለሻምበላችን ሪፖርት አደርጋለሁ። ከእኛ የጦር ጓድ አሥራ አንድ ሰው ጽፌያለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ አንድ ቀን ሞልቶልኝ አያውቅም። የወፍ ጫጩት ከሰው ጋር አይቆጠርም፣ አውቃለሁ። ሆኖም ያን ጠዋት አጥሩን ሳየው ጣቴ በራሱ ይቆጥር ነበር።

በቀለ አይቶኝ ኖሯል። ሳሙናው ጆሮው ላይ እንደደረቀ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ስንት ወጣ?» አለኝ።

«ሦስት።»

«የጎደለ?»

«የጎደለ የለም።»

«አልሰማሁህም፤ ድገመው።»

ሰምቶኛል። ደገምኩለት።