ሁለት ፈር በቅዳሜ

የልጅ ልጄ ትናንት ስልኳን እያየች፣ «አባባ፣ ‹ለርን› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ድሮ ዱካ መከተል ማለት ነበር ይላል፤ ያውቁ ነበር?» አለችኝ። ኧረ እንዴት አላውቅ! እኔ በዚህ ቃል የተነሳ የሰው በሬ ጠምጄ በሰንበት ያረስኩ ሰው ነኝ።

መካነ ሰላም ተመድቤ እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደሴ የገዛሁት፣ የቃል ዘር የሚቆጥር ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ ከሱ ያገኘሁትን ሳላወራ አላድርም። አንድ ቀን ክፍል ገብቼ፣ «ለርን መማር ነው። ሥሩ ሲቆፈር ግን ዱካ፣ ፈር ከሚል ጥንታዊ ቃል ይመዘዛል። የተማረ ማለት ፈር ይዞ የሄደ ነው!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የገበሬ ልጆች ናቸውና ወዲያው ገባቸው። እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

የክፍሉ ጎበዝ የሺ ግን አላጨበጨበችም። ደወል ሲደወል ተከትላኝ ወጣች።

«ቲቸር፣ ከፋሲካ በኋላ አልመጣም። አባቴ ከሞተ ወዲህ በሬዎቻችን ቆመው ነው የሚውሉት። እናቴ የሚያርስ ወንድ ቤት እንዲገባ ልትድረኝ ነው» አለችኝ። ትምህርቱን እንዴት እንደምትወደው አውቃለሁ።

«እኔ አርሳለሁ!» አልኳት። አባቴ ኩታበር ባለሱቅ ነበር፤ እኔ እርፍ ጨብጬ አላውቅም። ግን በዚያ ዕድሜ ማን ይፈራል?

ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ በጠዋት የወግዲን መንገድ ይዤ እነየሺ መንደር ደረስኩ። የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ አፈሩ ይሸታል። እናትና ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ከድንበሩ ማዶ ጎረቤታቸው ሼህ ሰይድ፣ ቁርአን የሚያስቀሩት ሽማግሌ፣ ያርሳሉ። እሳቸው ካረሱማ ቀኑ የሥራ ቀን ነው ብዬ በሬዎቹን እንደምንም ጠመድኩ።

ሁለት ፈር አወጣሁ፤ ፈር ከተባለ። ሦስተኛውን ስጀምር የየሺ እናት እትዬ ደብሬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ብቅ አሉ።

«ኧረ የጉድ አገር! በቀዳሚት ሰንበት ሞፈር! በረዶ ልታወርድብን ነው?»

ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። የሺ ፊቷን ሸፈነች። ልጅቷን ላተርፍ መጥቼ ቤቷን አዋረድኩ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሼህ ሰይድ የራሳቸውን በሬ አቁመው መጡና ቀንበሩን ቀስ ብለው አወረዱ።

«አብሽሪ ደብሬ፣ ልጁ ሳያውቅ ነው። እኔን አይቶ ነው የተሳሳተው» አሉ። ከዚያ እርሻዬን አዩና ከት ብለው ሳቁ። «መምህር፣ ወላሂ በዚህ ፈር እባብም መንገዱ ይጠፋዋል!»

ሁላችንንም ቤታቸው ወስደው ቡናና ቆሎ አቀረቡልን። የመጣሁበትን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው።

«እንዲህ ይሁን» አሉ። «እኔ በሥራ ቀን ለደብሬ አርሳለሁ። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ሴቶች ልጆቼን አስተምርልኝ። ማስተማር እንኳ በሰንበት አይነወርም፤ አይደል ደብሬ?»

እትዬ ደብሬ ቆሎውን በመዳፋቸው አገላበጡ። የሺ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች።

«የሚያርስልኝ ካገኘሁ ልጄን ምን አጣደፋት» አሉ በመጨረሻ።

ሰኞ ማለዳ ሼህ ሰይድ የኔን ሁለት ጠማማ ፈር ገልብጠው እንደ ገመድ ቀጥ ያለ አወጡ። የሺ ያንን ስታይ አርፍዳ ክፍል ገባች፤ አልተቆጣኋትም። ሁለት ዓመት ቅዳሜን ሳልዘል ተመላለስኩ፤ ሼሁም አንድ የእርሻ ወቅት አላጓደሉም። የሺ ዛሬ ሐኪም ናት። ጉልበቴን ያመመኝ ቀን የምደውለው ለሷ ነው፤ «ቲቸር፣ ዛሬም ሊያርሱ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

ይህን ሁሉ ስተርክላት የልጅ ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ነበር የምትሰማኝ።

«እና አባባ፣ የሚከተሉት ዱካ የማን እንደሆነ መዝገበ ቃላቱ ይናገራል?» አለችኝ።

«አይናገርም» አልኳት። «እኔ ግን አውቃለሁ። የሼህ ሰይድ ነው።»