ነጠላችንን ነክሰን

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ክርስትና ነበር። ሕፃኗን ታቅፈው ከቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሴቱ ሁሉ በአንድ አፍ እልል አለ። ምላሴ ተነሥታ ላንቃዬን ስትነካ ተሰማኝ፤ እንደ ልማዴ ጥርሴን ገጥሜ አስቀረኋትና አጨበጨብኩ። የወንድሜ ሚስት ዞር ብላ፣ አክስት ተብዬዋ እልልታም መቆጠብ ጀመርሽ ወይ ብላ ሳቀችብኝ። አንቺም ወዳጄ፣ በሩ ጋ ቆመሽ ስታዪኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኛልና ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።

አሁን እንዲህ ብታዪኝ፣ ልጅ ሳለሁ በእልልታ የታወቅኩ ነበርኩ። እናቴ ይቺን ልጅ ሠርግ ቤት ነው ያማጥኳት ትል ነበር። ጎረቤት ሲድር እኛ ግቢ ጎራ ይልና ልጅሽን አውሺን ይላታል፤ እናቴም ነጠላዬን ከሳጥን አውጥታ ታለብሰኛለች።

የምንኖረው ከፈረስ መጋላ አደባባይ ገባ ብሎ፣ ከፈረሰኛው ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ፈረሰኛው ስልሽ ከተማው ያወጣላቸው ስም ነው፤ ፈረስ ያለው ሰው ሞልቶ ሳለ ፈረሰኛው ከተባለ እሳቸው ናቸው። እኛ ልጆቹ ጋሼ እንላቸዋለን። ፈረስ ማዝለል የተማሩት ወታደር ቤት ሳሉ ነው። በየዓመቱ የጥምቀት ሰሞን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ የመሰናክል ውድድር ነበር። ከአጎራባቹ ከድሬ ጠያራም ከሶፊም ፈረሰኛ ይመጣል፤ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች ይዘለላሉ፣ በመጨረሻ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ካብ አለ። ያንን ካብ እንደ ጋሼ የሚያልፈው አልነበረም። የጊደር መጋላ ገበያ ገብስ ነጋዴዎች ለቦራ ሲሉ መርቀው ነበር የሚሰፍሩላቸው። ቦራ ፈረሳቸው ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ጋጣው ከእኛ መስኮት ሥር ስለነበረ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የሚመጣልኝ የፋንድያና የእርጥብ ሣር ሽታ ነው። ዛሬም ያ ሽታ ከየትም ሲመጣብኝ ዞር ብዬ ፈረስ እፈልጋለሁ።

ውድድሩ በዓመት አንዴ ነው፤ ፈረስ ደግሞ በየቀኑ ይበላል። ስለዚህ ቦራ ቀለቡን የሚያገኘው ከሠርግ ነበር። ባለ ጥልፍ ልብስ አልብሰው፣ አንገቱ ላይ ቃጭል አስረው ጋሼ ይዘውት ይሄዳሉ። ሙሽራው ተቀምጦበት የሙሽሪት ደጅ ሲደርስ ሴቱ እልል ብሎ ይወጣል፤ ያኔ ቦራ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሙሽራው እስኪወርድ ጆሮውን እንኳ አይነቀንቅም። ማንም አላስተማረውም፤ ሠርጉ ራሱ ነው ያስተማረው። ሲያበቃ ከመዳፌ ስኳር አስልሰዋለሁ። እልል ባይዋ እኔ፣ ስኳር አጉራሿ እኔ። ጋሼም ቦራ የሚሰማው የእኔን ልጓምና የአንቺን ጉሮሮ ነው ይሉኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ጣጣው ይታይሽ። እልልታ ሲሰማ የሚቆም ፈረስ ይዘው ነው የሚወዳደሩት። ወንዱ ቢጮኽ፣ ቢያፏጭ ቦራ ግድ የለውም፤ ክፉው የሴት እልልታ ነው። ስለዚህ በውድድሩ ቀን የጋሼ ባለቤት እትዬ፣ በሴቶቹ መካከል እየዞሩ ካቡን እስኪያልፍ አፋችሁን ያዙ እያሉ ይለምናሉ። እኛም የነጠላችንን ጫፍ አፋችን ውስጥ ጠቅጥቀን እንነክሳለን። ክርስቲያኗ ነጠላዋን፣ ሙስሊሟ የሻሿን ጫፍ። ያ ሁሉ ሴት አፉን አፍኖ ዓይኑ ብቻ ሲቁለጨለጭ፣ እንግዳ ሰው ቢያየን ምን ነካቸው ይል ነበር። ቦራ ካቡን ሲያልፍ ግን ነጠላው ሁሉ ይተፋል፤ የታፈነው እልልታ ሜዳውን ያናውጠዋል። ለዚያች ደቂቃ ስንል ነበር ዓመቱን የምንጠብቀው።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ጋሼ በቃኝ አሉ። በፊተኛው ዓመት ካቡ ላይ ወድቀው ሰው ተሸክሟቸው ነበር የወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ዳሌያቸው አልተመለሰም። እትዬ ውድድሩ ይቅርብህ ብለው አልቅሰዋል። ጋሼ ግን ሳይሰናበቱ መቅረት አልሆነላቸውም። በዋዜማው ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ኮርቻውን በቅባት እያሹ ለእናቴ ሲነግሯት ሰምቻለሁ።

"ባሸንፍም ባላሸንፍም ግድ የለኝም። ካቡን አልፌ፣ በገዛ እግሬ ወርጄ፣ ልጓሙን በእጄ ይዤ ቤቴ ልግባ። ሰው የሚያስታውሰኝ እንደ አምናው በሸክም ስሄድ እንዳይሆን።"

እናቴ አሜን አለች። እኔም በልቤ አሜን አልኩ።

በነጋው ሜዳው ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ለውዝ ሻጩ፣ ሸንኮራ ሻጩ በሰው መሀል ይጋፋሉ፤ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል፣ አቧራው አፍ ውስጥ ይገባል። የነከስኩት ነጠላ ሳሙና ሳሙና ይላል። በድምፅ ማጉያ የጋሼ መሰናበቻ ነው ሲባል ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ተነሡ። ከፊት የሶፊው ወጣት በነጭ ፈረስ ይበራል። ጋሼ አልቸኮሉም፤ አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ እያለፉ መጡ። በዘለሉ ቁጥር እንደሚያማቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። መጨረሻው አግዳሚ ላይ የሶፊው ልጅ ፈረስ እንጨቱን መታና ተንገዳገደ፤ ቦራ በጎኑ አለፈው። ካቡ ብቻ ቀረ። ጋሼ ጎንበስ ብለው የቦራን አንገት በመዳፋቸው መታ መታ ሲያደርጉት አየሁ፤ ሁልጊዜ ከካቡ በፊት የሚያደርጉት ነው። በቃ አለፉ አልኩ።

እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ነጠላው ከአፌ መውደቁን እንኳ አላወቅኩም። እልል ስል ድምፄን የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ሆኜ ነው። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ከሰው ብዛት ካቡ አይታያቸውም ነበርና፣ አለፉ ብለው ተቀበሉኝ፤ ሜዳው ሁሉ እልል አለ። ቦራ ካቡ ሥር ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ ቀጥ አለ። ጋሼ ካቡን ብቻቸውን ዘለሉት።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ሲሮጥ እኔ ውሃ ሆኜ ቀረሁ። ቦራ አንገቱን አዞረ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ አልፎ እኔን አየ። ጆሮውን አቁሞ ስኳሩን ይጠብቃል። ጋሼን በጋቢ ጠቅልለው ተሸክመው ሲያወጧቸውም ቦራ ከዚያች ቦታ አልተነቃነቀም። አሁን ሜዳው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፤ በባጃጅ ሳልፍ ካቡ የነበረበትን ቦታ በዓይኔ እፈልጋለሁ።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ከሆስፒታል ሲመለሱ ግቢው በጠያቂ ተሞላ። ወንዶቹ ተቆጥተዋል፤ ያችን ቀድማ አፏን የከፈተች ሴት ብናውቃት እያሉ ይዝታሉ። ሻይ የማቀርበው እኔ ነኝ። ጋሼ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"ሴቶቹን ተዉአቸው። እልልታው ሳይመጣ ልጓሙን የሳብኩት እኔ ነኝ። ካቡን ሳየው ፈራሁ።"

እኔማ ምን እሸሽግሻለሁ፣ እፎይ አልኩ። እሳቸው ካሉ እውነት ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። የቦራን አንገት መታ መታ ያደረጉት ሰውዬ ልጓም እንዳልሳቡ በዓይኔ አይቼ፣ ብርጭቆ ሰብስቤ ወጣሁ።

ከተማው ግን አልማራቸውም። ፈረሰኛው ፈርቶ ሳበ የሚለው ወሬ ሳምንት ሳይሞላው የጀጎልን ግንብ ዞረ። ጫቱን ይዞ በደጃቸው የሚያልፍ ጎረምሳ ሁሉ፣ ጋሼ ልጓሙን ላላ ያድርጉት እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው በር ላይ ተቀምጠው አብረው ይስቃሉ። እኔ ያንን ሳቅ ላለመስማት በጓሮ በኩል መውጣት ጀመርኩ።

ስንት ጊዜ ልነግራቸው ተነሣሁ መሰለሽ። ቃሉ ከንፈሬ ላይ ይደርስና ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብ አወራለሁ። ለራሴ የፈረድኩት አንድ ቅጣት ቢኖር እልልታን እርም ማለት ነው። ሠርግ ሲጠሩኝ ጉሮሮዬን አመመኝ እላለሁ፤ ውሎ አድሮ መጥራቱንም ተዉት። እኔ ስዳር ቦራ አርጅቷል። ጋሼ ግን እያነከሱ ይዘውት መጡ፤ ሙሽራዬ ሲወርድ ከኪሳቸው ስኳር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ቦራ ላሰው፤ ምላሱ ሞቃትና ሻካራ ነበር። ማልቀሴን ሰው የሙሽራ ለቅሶ ነው ብሎ አለፈው። ቦራ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ጋሼም አምና አረፉ፣ ሳልነግራቸው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን ነቅዟል።

እሑድ ዕለት ታዲያ፣ እልልታው ሲበርድ፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት እትዬ በእጃቸው ጠሩኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው። አጠገባቸው ስቀመጥ ጉልበቴን ያዙና፣ አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ፈልጌ አጣሁት አሉኝ። ጉሮሮዬን አመመኝ ልል ስል አላስጨረሱኝም።

"ነፍሱን ይማረውና፣ ሆስፒታል እንደተኛ ነግሮኛል። የልጅቷ ድምፅ ነው፤ ቦራ ለሌላ ሰው እንደዚያ አይቆምም አለኝ። ካወቁባት ዳግመኛ እልል አትልም፣ እኔ ልጓም ሳብኩ ልበል አለ። አንቺ ግን ያው ዝም አልሽ። በሰፈሩ ሠርግ በሆነ ቁጥር በር ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ይጥል ነበር። ዛሬም የለችበትም እያለ ነበር የሚገባው።"

ለእሳቸው ስል የዘጋሁትን አፍ፣ እሳቸው ለካ እስኪከፈት በር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁት ኖረዋል።

ሕፃኗን ወደ ጓዳ ሲያስገቧት ሴቱ እንደገና እልል አለ። እትዬ ጉልበቴን አልለቀቁም። አፌን ከፈትኩ። የወጣው የሰለለ ድምፅ ነው፤ አንድ ሁለቴ ተርገብግቦ ጠፋ። የወንድሜ ሚስት እንኳ አልሰማችውም። እትዬ ሰምተው እሰይ አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው እንጂ፣ ለእንዲያ ያለው እልልታ ቦራ አይቆምም ነበር።